ወንድሜን ያመሰገነው ቪዲዮ

ፎቶው ላይ ወንድሜ ረጅም ብረት ይዟል። የብረቱ ጫፍ ታጥፏል። እግሩ ሥር አንድ ሰው ጭቃ ላይ ተዘርሯል፤ ግንባሩ ደም ለብሷል። ወንድሜ አፉን ከፍቶ ይጮሃል። ምን ብሎ እንደሚጮህ ፎቶ አይናገርም። ያየው ሁሉ የፈለገውን ማሰብ ይችላል። አሰበም።

እኔ ምን እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ድልድዩ ላይ ነበርኩ። «ገመድ ወርውሩ! ፎቶ ታነሣላችሁ እንዴ፣ እናንተ ፈዛዞች! ገመድ!» ነው ያለው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ደቻቱ፣ ድሬዳዋን መሐል ለመሐል የሚያቋርጠው ወንዝ፣ ብዙውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ይዘንብና ውኃው ድንገት ይመጣል። መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚሰማው። ያን ጊዜ የሰፈራችን ወጣቶች ብረታቸውን ይዘው ይወርዳሉ። የግንባታ ፌሮ ነው፤ ጫፉን እንደ ሜንጦ ያጥፉታል። ጎርፉ ያመጣውን ግንድ፣ ጄሪካን፣ አንዳንዴም በግ በእሱ እየጎተቱ ያወጣሉ። ወንድሜ ባጃጅ ነበር የሚነዳው። ውኃ መጣ ሲባል ግን ባጃጁን ያለበት አቁሞ፣ ተሳፋሪውን «ውረድ አቦ፣ ሂሳብ ተወው» ብሎ ይሮጣል። እናቴ ትቆጣለች። እሱ ግንዱን ግቢ ውስጥ እየፈለጠ ይስቅባታል።

ፎቶው የተነሣ ቀን ጎርፉ ያመጣው ሰው ነበር። መጋላ ገበያ ውስጥ ሸራ ዘርግቶ ጫማ የሚሸጥ ሰው ነው። ጋሪውን እየገፋ አሸዋውን ሲያቋርጥ ውኃው ደረሰበት። ግንድ ግንባሩን መታው። ወንድሜ እስከ ወገቡ ገብቶ በብረቱ ቀበቶውን ያዘና ጎተተው። ያን ቀን ፎቶውን የለጠፈው ልጅ «የደቻቱ ጀግና» ብሎ ጻፈበት። ሰው ሁሉ ወደደው። ወንድሜ ለጥቂት ቀን ኮራ፣ እኛም ሳቅንበት፣ ከዚያ ተረሳ።

ሰውዬው ግን አልረሳም። ቁስሉ ሲሽር ቤታችን መጣ። እኛ ክርስቲያን ነን፤ አያቴ ምድር ባቡር ሲሠራ ነው ቤተሰቡ ድሬ የቀረው። እሱ እስላም ነው። ሥጋ አንበላላም፤ ስለዚህ በፋሲካም በረመዳንም ቴምርና ስኳር ይዞ ይመጣል፣ እናቴ ደግሞ ዳቦ ትሰጠዋለች። ወንድሜን «ወንድሜ» ነው የሚለው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም፤ እናቴንም አንቺ ይላታል። ደስ የሚል ሰው ነበር።

አንድ ጠባይ ነበረው። የሌለ ሰው ስሙ ከተነሣ፣ ያለበትን አገር ጠርቶ፣ የሚያኖረውን ሰው ጠርቶ፣ ሰላም ሳይለው አያልፍም። «ጅቡቲ ያለው ወንድሜ፣ ወደብ የሚሠራው፣ ሰላም ይሁን ባለበት፣ ያስጠጋውም ሰው ሰላም ይሁን» ይላል። ከዚያ ነው ወሬው የሚቀጥለው። እዚህ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ እሱ ግን ይብሳል። ወንድሜ ፊት ለፊቱ ያሾፍበት ነበር።

«ይሄ ሰውዬ አቦ፣ ጅቡቲን በሙሉ ሰላም ሳይል ሻዩን አይጠጣም።»

«ነፃ ነው» ይለዋል እሱ። «ጫማ ነው እንዴ የምትከራከረኝ? ውሰድ ዝም ብለህ።»

በኋላ ከተማው ታመሰ። የማን ሰልፍ እንደነበር አልጽፍም። ድሬ የሚኖር ያውቀዋል፤ ሌላው ቢያውቀውም ምንም አይረባው። ስልክ ላይ የተጀመረ ነገር ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ጻፈ፣ ሌላው መለሰ፣ ከዚያ ልጆች ወጡ። ጎማ ተቃጠለ። ሱቅ ተሰበረ። ሰው ሞተ። ከእኛም ከእነሱም ሞተ። እኛና እነሱ የሚለውን ቋንቋ እኔ የተማርኩት ያን ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሰው ተቀምጦ በሦስት ቋንቋ ሲያወራ ማን ምን እንደሆነ አስቤ አላውቅም።

በዚያ ሳምንት ፎቶው ተመልሶ መጣ። ብዙ ተከታይ ያለው የእነሱ ወገን ገጽ ለጠፈው። ማን እንደሚጽፍበት እስከ ዛሬ አላወቅንም። ውጭ አገር ነው የሚሉ አሉ። እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የሚሉም አሉ። ከፎቶው በላይ እንዲህ ይላል፦ «ትናንት ወገናችንን እንደ ከብት በብረት ሲጎትት የዋለው ይህ ነው። የሚያውቀው በውስጥ መስመር ያድርሰን።»

በውስጥ መስመር እስኪሉ የጠበቀ የለም። ሁሉም እዚያው በግልጽ ጻፈው። አንዱ ሰፈራችንን ጻፈ። አንዱ ባጃጁ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ጻፈ። ልጆቿን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርስላት ደንበኛው ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እኔ አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ እንዲህ አያደርግም። ካላመናችሁ ደውላችሁ ጠይቁት።» ከሥሩ የወንድሜን ስልክ ቁጥር አስቀመጠች።

ደወሉ። ወንድሜ መጀመሪያ ያነሣ ነበር። «ጎርፍ ነው፣ ሰውዬውን እያወጣሁት ነው፣ ፎቶው የቆየ ነው» ይላል። በአማርኛ ያስረዳል፣ በኦሮምኛ ያስረዳል፣ በሶማልኛ ያስረዳል። በሦስቱም ይሰድቡታል። አንዱን በተለይ አስታውሳለሁ፤ ድምፁ የልጅ ነው፣ ከእኔም የሚያንስ። «እናትህን ጥቁር ልብስ ግዛላት» ብሎ ዘጋው። ወንድሜ ስልኩን አየውና «የሰው ልጅ ሥራ ፈቷል» አለ። ሳቀ፣ ግን ሳቁ የተለመደው ሳቅ አልነበረም።

ባጃጁን ጠዋት ተቃጥሎ አገኘነው። ሽቦውና ብረቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

የእናቴ ወንድም መጣ። አጎቴ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ በቤታችን ጉዳይ እሱ ያለው ነው የሚሆነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ነው። «ይውጣ ከዚህ» አለ። ወንድሜ ዋሂል ይሂድ ተባለ። ዋሂል ከድሬ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ የአባቴ እህት እዚያ ሻይ ቤት አላት።

«ዋሂል ሄጄ ምን ልሠራ?» አለ ወንድሜ። «ፍየል ልቁጠር?»

«ትቆጥራለህ» አለ አጎቴ። «ስትጨርስ እንደገና ትጀምራለህ።»

ወንድሜ ሄደ። የት እንደሄደ ከእኛና ከአክስቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጎረቤት ሲጠይቀን አዲስ አበባ እንል ነበር። እናቴ ዋሸች። በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ጥሩ አድርጋ ዋሸች።

ከዚያ አጎቴ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ለምን ቀድሞ እንዳልመጣልን አላውቅም። «ሰውዬው እኮ በሕይወት አለ!» አለ። «ገደለው የሚሉት ሰው መጋላ ጫማ እየሸጠ ነው! እሱ ይናገርልን፣ በቪዲዮ እንቅዳው፣ እንልቀቀው፣ አለቀ።»

ሁለታችን ቤቱ ሄድን። ሰውዬው ስለ ፎቶው አልሰማም ነበር፤ የሚደወልበት እንጂ ፎቶ የሚያይ ስልክ የለውም። አጎቴ የራሱን አውጥቶ አሳየው። ጠጋ ብሎ አየና ጮኸ።

«ይሄ እኔ ነኝ እኮ! ወላሂ እኔ ነኝ! ሞትኩ አሉ?»

ሚስቱ በትከሻው በኩል አየች። «እንግዲህ ከሞትክ ዛሬ ምሳ አልሠራልህም» አለችው። ሳቅን፤ አጎቴም ሳቀ። ከዚያ ነገሩን ስንነግረው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ልጁ የት ነው ያለው?» አለ።

አጎቴ ነገረው። ሌላ ምን ይለዋል። ልጁ ከውኃ ያወጣው ሰው ነው፣ በዓል ሲመጣ ቤታችን የሚገባ ሰው ነው፣ ሊረዳን ነው። «ዋሂል ነው፣ አክስቱ ዘንድ» አለው። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ጸለየለት።

እንዳለ እንቅዳው ስንል እንቢ አለ። ገብቶ ታጠበ፣ ነጭ ሸሚዝ ለበሰ፣ ኮፍያውን አደረገ። ሚስቱ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። አጎቴ ስልኩን ያዘ። ሰውዬው እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል አውቀዋለሁ፦

«ስሙኝ። እኔ አልሞትኩም። ይሄው ቆሜአለሁ። ይሄ ልጅ ከጎርፍ ነው ያወጣኝ። በብረቱ ቀበቶዬን ነው የያዘው። ጠባሳዬ ይሄውና፣ ግንድ ነው የመታኝ። እናቴ አንድ ጊዜ ወለደችኝ፣ እሱ ሁለተኛ ነው። ስሙን የምታጠፉ አላህን ፍሩ።»

ይህንኑ በሶማልኛ ደገመው፣ በኦሮምኛም ደገመው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ስልኩን ወንድሜን እንደሚያይ አድርጎ እያየ ጨረሰ፦

«ወንድሜ፣ ዋሂል ያለኸው፣ ሰላም ላንተ ይሁን። አክስትህም፣ ባለ ሻይ ቤቷ፣ ሰላም ትሁን፣ ያስጠጋችህ። እስክንገናኝ አላህ ይጠብቅህ።»

አጎቴ ስልኩን አወረደና ግንባሩን፣ ጠባሳው ላይ ሳመው። እኔም ነበርኩ። ሰማሁት። ሚስቱም ሰማች። በመንገድ አጎቴ ደጋግሞ ከፈተው፤ ደጋግመን ሰማነው። ጥሩ ንግግር ነበር። ጥሩ ሰው በጥሩ አፉ የተናገረው፣ ሁልጊዜ እንደሚናገረው የተናገረው።

አጎቴ ለቀቀው። ሰው ተቀባበለው። ከምሽቱ በፊት ድሬ ሁሉ አይቶታል ማለት ይቻላል። «ይቅርታ ወንድማችን» የሚሉ መጡ። «አለቀስኩ» የሚሉ መጡ። ያቺ ስልኩን የጻፈችው ሴት «ብያችሁ ነበር» ብላ ጻፈች። ያ ገጽ ፎቶውን አነሣው፤ ይቅርታ ግን አላለም። እናቴ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ እልል አለች፣ ጎረቤት ደንግጦ ወጣ።

ወንድሜ ደወለ።

«ወሪያ፣ እንደገና ጀግና ሆንኩ አይደል?» አለኝ።

«ሆንክ።»

«ሰውዬውን አየኸው? በቪዲዮም ሰላምታውን አይተወውም አቦ! አክስቴ ራሷ በደስታ ልትሞት ነው፣ ሻይ ቤቴን አስተዋወቀልኝ ትላለች።» ሳቀ። ይሄኛው የተለመደው ሳቁ ነበር። «እሑድ እመጣለሁ። ለእማ እንዳትነግራት፣ ድንገት እገባባታለሁ።»

እሱም ሰምቶታል ማለት ነው። አክስቴም ሰምታዋለች። ሁላችንም ሰምተነዋል።

ሰዎቹ ወደ ሻይ ቤቱ የመጡት ቀትር ላይ ነው፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ። ወጣቶች ናቸው፤ ንጹሕ የለበሱ፣ ትሑቶች። አንዱ ስልኩ ላይ ቪዲዮውን ለአክስቴ አሳያት። «ይሄን ልጅ እንኳን ደስ አለህ ልንለው ነው፣ ሰላም ልንለው ነው የመጣነው» አሏት። ሻይ ቀዳችላቸው። ጠጡ። ከዚያ ጓዳ ተኝቶ የነበረውን ወንድሜን ጠራችው። «ውጣ፣ እንግዳ መጥቶልሃል» አለችው። ሽርጥ አገልድሞ፣ ዓይኑን እያሸ፣ እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ወጣ። የተዘረጋውን እጁን ነው መጀመሪያ የያዙት።

ከዚህ በኋላ ያለውን አክስቴ ነግራኛለች። አልጽፈውም። ሬሳውን ሲያጥቡ እኔ ነበርኩ። ብረት ይዘው ነበር የመጡት፤ ይህን ያህል ይበቃል።

ቪዲዮውን እንደገና የከፈትኩት ከቀብር በኋላ ነው። አስተያየቶቹን ወደ ታች ሄጄ አነበብኩ። ይቅርታውን አለፍኩ፣ ልቡን አለፍኩ፣ እንባውን አለፍኩ። ቪዲዮው በተለቀቀ ሰሞን ከተጻፉት መሐል አንድ አጭር ነበር፦ «ሰውዬው ተገዝቶ ነው። ዋሂል፣ ሻይ ቤት። ሰማችሁ?» ከሥሩ አንዱ «ሰማን» ብሏል። ሌላው አውራ ጣት አድርጎለታል። ምስጋናው ሲበዛ ወደ ታች ወርዶ ነው ያላየነው።

ድንኳን ተክለን ተቀመጥን። እናቴ አትበላም፣ አታለቅስም፣ አትናገርም። ሰውዬው በሣልስቱ መጣ። ቀብሩም ላይ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ አይቼዋለሁ። ቴምር ይዞ ገባ። እናቴ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ምንም አያውቅም ነበር። «እኔን በማዳኑ የሞተ ልጅ ነው» ብሎ ነው የሚያለቅሰው።

እናቴ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። «ቪዲዮው ላይ ያልከውን በልልኝ» አለችው።

የልጇን ምስጋና መስማት ፈልጋ መሰለው። እኛም መሰለን። ዓይኑን ጠረገና ጀመረ። አልሞትኩም አለ፣ ከጎርፍ ያወጣኝ አለ፣ ጠባሳውን አሳየ። ለቀስተኛው ጸጥ ብሎ ይሰማል፤ ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አላህን ፍሩ ብሎ ቆመ።

«ጨርሰው» አለች።

«ጨረስኩ እናቴ።»

«ሰላምታው ቀረ።»

«ወንድሜ» አለ፣ «ዋሂል ያለኸው»፤ ከዚያ አፉ ቆመ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ቀስ ብሎ ነው የተለወጠው፤ መጀመሪያ አፉ፣ ከዚያ ዓይኑ።

«ቀጥል» አለች እናቴ።

«እናቴ፣ በአላህ...»

«አክስቱም አለች። ባለ ሻይ ቤቷ። ቀጥል።»

አጎቴ «ተይው» አላት። አልሰማችውም። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አለው። ድምፅ አልነበረውም፣ ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፤ እሷ ግን እያንዳንዱን ቃል ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለችው። አላህ ይጠብቅህ የሚለው ላይ ሲደርስ «አሜን» አለች። ተነሥቶ ወጣ። ጫማ የሚሸጥ ሰው ጫማውን አውቆ ማድረግ አቃተው፤ አንድ ልጅ አንሥቶ ሰጠው።

እናቴ ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ እህል የቀመሰችው ያን ቀን ነው።

ነገሩ እዚያ ቢቆም ኖሮ በቤታችን ይቀር ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ያየውን ጻፈ። አሁን ደግሞ የእኛ ወገን ነው የሚባለው ገጽ ተነሣ። የወንድሜን ፎቶ በጥቁር ሪባን አድርጎ ሰማዕት ብሎ ለጠፈው። ያንኑ የጎርፉን ፎቶ ነው፤ ብረቱንና የተኛውን ሰው ቆርጠው አውጥተው የሚጮኸውን ፊቱን ብቻ አስቀርተዋል። ከሥሩ የቪዲዮውን መጨረሻ፣ ሰላምታውን ብቻ፣ ቆርጠው አደረጉ። የሰውዬው ፊት ላይ ቀይ ክብ ሠርተዋል። «ጠቋሚው ይህ ነው። ለምልክት ነው የተናገረው። መጋላ ጫማ ይሸጣል።» ጽሑፉን ያነበበ ሰው ቪዲዮውን ሲያይ በእውነትም እንደዚያ ይመስለዋል። ስልኩን ትክ ብሎ ነው የሚያየው። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ቦታውን ከነሻይ ቤቱ ነው የሚጠራው። እንዳልሆነ እያወቅሁ እኔ ራሴ ሳየው ይመስለኛል።

ሸራው ታጠፈ። ሰውዬው ከመጋላ ጠፋ።

ሚስቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣች። ያን ቀን ስለ ምሳ የቀለደችው ሴት ናት፤ ከስታ ሌላ ሰው ሆናለች። የሰው ስልክ ተውሳ ይዛለች። እናቴ ፊት ተቀመጠች።

«እህቴ፣ አንቺ ከተናገርሽ ይተዉታል» አለች። «ሌላ ሰው አይሰሙም። እናቱ ነሽ። በክፋት አይደለም በይላቸው፣ ሁለት ቃል ነው። ልጆች አሉኝ።»

አጎቴ «ተናገሪ» አላት እናቴን። «ሰውዬው ንጹሕ ነው፣ ታውቂያለሽ። የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ እኔም ልብ አላልኩትም። ተናገሪ በእግዚአብሔር።»

እናቴ ጥቁር ነጠላዋን አስተካከለች። እሺ ማለቷ ነው ብለን አሰብን። ሴትየዋ ስልኩን በሁለት እጇ አነሣች። «እየቀዳ ነው» አለች።

እናቴ ስልኩን ሳይሆን ሴትየዋን አየቻት። «አሁን የት ነው ያለው?» አለቻት።

ሴትየዋ አፏን ከፈተች። ልትመልስ ነበር። ሰው ስለ ባሏ ሲጠይቃት ዕድሜዋን ሙሉ ስትመልስ ኖራለች። ከዚያ አፏን ገጠመች። ስልኩን አጠፋች፣ ሻሿን ጠበቅ አደረገች፣ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ አጎቴ ተከትሏት ወጣ፣ ሲለምናት ይሰማኛል፤ ማንን ስለ ማን እንደሚለምን እኔ እንጃ።

እናቴን ለምን ጠየቅሻት አልኳት።

«ሰው እንዴት ነው፣ የት ነው አይባልም?» አለች።

ገጹ አሁንም አለ። የወንድሜ ፊት አለ፣ ቀዩ ክብ አለ። በየጊዜው አዲስ ሰው ይመጣና ይጽፍበታል። ትናንት አንዱ «ጠቋሚው የገባበትን የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ አላውቅም። መልስ መጻፊያው ላይ ግን ጣቴ ረጅም ጊዜ ቆመ።